ሲያመረቅዝ የሚኖር ነገር

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በትርጉም ሥራ ነው። ከእንግሊዝኛ ግሶች አንዷን ላስተዋውቃችሁ፤ «ራንክል» ትባላለች።

መዝገበ ቃላት «ቅሬታ ማሳደር፣ ቂም ማስያዝ» ይላችኋል። ልክ ነው፣ ግን ይጎድለዋል። ተናዶ ወዲያው ለበረደለት ሰው ይህ ግስ አይሆንም። ነገሩ ካለፈ በኋላም ሲከነክን፣ ሲቆረቁር ሲኖር ነው። ደግሞ የግሱ ባለቤት ብዙ ጊዜ ሰውየው ሳይሆን የተናገረው ነገር ነው። ተናጋሪውማ ረስቶት ቤቱ ገብቷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው። ያኔ የሚነገረው ለቁስል ነበር፤ አመረቀዘ፣ መገለ ለማለት። ሥሩ የላቲኑ «ድራኩንኩለስ» ነው፤ ትንሽ ዘንዶ። የሚመግል ቁስልን እንዲህ ይሉት ነበር። (ቁስል ሲጠዘጥዝ ላደረ ሰው ዘንዶ መባሉ አይበዛበትም።) ጋምቤላ የሠራ የጤና ባለሙያ ስሙን ያውቀዋል። የጊኒ ዎርም ትል ሳይንሳዊ ስሙ «ድራኩንኩለስ ሜዲነንሲስ» ነውና።

የዚህ ትል ነገር ይገርማል። ሰው ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ይጠጣል። ምንም አይሰማውም። ዓመት ገደማ ቆይቶ አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። ያቃጥላል፣ ይፈነዳል፣ ትሉ ብቅ ይላል። እስከ 1 ሜትር ሊረዝም ይችላል። የሚገድለው መድኃኒት የለም። ትንሽ እንጨት ወይም ጎዝ ላይ እየጠቀለሉ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማውጣት ነው። ቸኩለው ከሳቡት ይበጠሳል፤ ውስጥ የቀረው ደግሞ ቁስሉን ያባብሰዋል።

መሥሪያ ቤት ውስጥም ያው ነው። ስብሰባ ላይ አለቃ የአዲስ ሠራተኛ ሪፖርት አንስቶ «ይሄን ማን ጻፈው? የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው እንዴ?» ይላል። ቤቱ ይስቃል። ልጁም አብሮ ይስቃል። ከወራት በኋላ መልቀቂያ ሲያስገባ አለቃው «ምን አጥቶ ነው?» ብሎ ይገረማል። ነገ እናንተም አለቃ ትሆናላችሁ። እርማት ካላችሁ ለብቻው ጠርታችሁ ንገሩት።

የተወጋችሁት እናንተ ከሆናችሁስ? እዚህ ላይ ከእኩዮቼ ጋር አልስማማም። እኛ ሽማግሌዎች «በሉ ተሳሳሙ፣ ያለፈው አለፈ» ማለት እንወዳለን። ይሳሳማሉ፣ ቡና ይጠጣል፣ ሁሉም ወደየቤቱ። ቁርሾው ግን ተበጥሶ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ «ይቅር ብያለሁ» ለማለት አትጣደፉ። ነገሩ ሳይከርም ሰውየውን ለብቻው ያዙና «ያን ቀን ያልከኝ ነገር አልወጣልኝም» በሉት። ለጊዜው ይህቺ ትበቃለች። ካኮረፈም ያኩርፍ፤ የቀረውን ሌላ ቀን ትነግሩታላችሁ።