ፋይሉ አለ፣ ከርነሉ ግን «የለም» ይላል

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«የሊነክስ ፍሮም ስክራችን መጽሐፍ (ሊነክስን ከምንጭ ኮዱ ራስህ የምትገነባበት መመሪያ) ተከትዬ የራሴን ሲስተም ቲንክፓድ ላፕቶፕ ላይ ገነባሁ። ሁሉም ነገር ይሰራል፣ ዋይፋይ ብቻ እምቢ አለ። ካርዱ ኢንቴል 8265 ነው። እዚያው ላፕቶፕ ላይ ካለው፣ ዋይፋዩ ከሚሰራበት ኡቡንቱ ፈርምዌሩን (ካርዱ ላይ የሚጫነውን ሶፍትዌር) ገልብጬ ሊብ ውስጥ ባለው የፈርምዌር ፎልደር አስቀምጫለሁ። ፋይሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ግን የፈርምዌሩን ስሪቶች ከ36 እስከ 22 እየቆጠረ ‹ስህተት ማይነስ 2› ይላል። መጨረሻ ላይ ተስማሚ ፈርምዌር አልተገኘም ብሎ ያቆማል። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን? አዲስ ልግዛ?»

አትግዛ ወንድሜ። ኡቡንቱ ላይ ስትገባ ዋይፋዩ ይሰራል ብለሃል፤ ስለዚህ ካርድህ ጤነኛ ነው። ማይነስ 2 ራሱ ጥሩ ዜና ነው። በሊነክስ የስህተት ቁጥሮች 2 ማለት እንዲህ የሚባል ፋይል ወይም ፎልደር የለም ማለት ነው። ነገሩ ገና ካርዱ ጋ አልደረሰም። ከርነሉ ፋይል ፈለገ፣ አጣ፣ በቃ።

ከ36 ወደ 22 መውረዱም አያስደንግጥህ። የኢንቴሉ ድራይቨር (ከርነሉ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) የሚያውቀውን ከፍተኛ የፈርምዌር ስሪት መጀመሪያ ይጠይቃል። ያንን ካጣ አንድ ዝቅ ይላል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ለ8265 ካርድ የምትፈልገው ባለ 36ቱን ፋይል ብቻ ነው። የቀሩትን አትልቀም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። አንተ ፋይሉን ያየኸው ሲስተሙ ተነስቶ፣ ገብተህ፣ ተርሚናል ከፍተህ ነው። ከርነሉ ግን የፈለገው መቼ ነው? በምን ስምስ ነው የፈለገው? ሁለቱም ጥያቄዎች አንተ ላይ ችግር አላቸው፤ መልሳቸውም ከደብዳቤህ ጋር በላክልኝ የከርነል መልእክትና የፎልደር ዝርዝር ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ። በዲሜሴጅ (የከርነሉን መልእክቶች በሚያሳየው ትዕዛዝ) ውጤት እያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊት በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ከርነሉ ከተነሳ ስንት ሰከንድ እንደሆነው ይናገራል። ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። ያንተ ድራይቨር ፈርምዌሩን የጠየቀው 1.9 ላይ ነው። ወረድ ብለህ «ቪኤፍኤስ ማውንትድ ሩት» የሚለውን መስመር ፈልግ። እሱ 2.6 ላይ ነው። ማለትም ድራይቨሩ ፋይል ሲጠይቅ ዲስክህ ገና አልተከፈተም ነበር። ሱቁ ሳይከፈት ሄዶ «ዕቃው የለም» ብሎ የተመለሰ ሰው ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ከርነሉን ስታዋቅር፣ ሜኑኮንፊግ በሚባለው የምርጫ ገጽ ላይ የኢንቴሉን ድራይቨር በኮከብ ምልክት ስለመረጥከው ነው። ኮከብ ማለት ድራይቨሩ የከርነሉ አካል ሆኖ አብሮ ይነሳል ማለት ነው። ኤም ማለት ደግሞ በሞጁልነት ዲስክ ላይ ይቀመጥና በኋላ ይጫናል። የራሱን ሲስተም የሚገነባ ሰው ኮከብ ይወዳል፤ ንጹህ ይመስላል፣ ኢኒትራምኤፍኤስም (ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት የሚጫን ጊዜያዊ ፋይል ሲስተም) አያስፈልገውም። ለዲስክና ለፋይል ሲስተም ድራይቨር ትክክል ነው፣ ግድም ነው። ፈርምዌር ለሚጠይቅ የዋይፋይ ካርድ ግን ኤም ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር ስሙ ነው። የፎልደሩን ዝርዝር ለጥፈህልኛል። የፋይሉን ስም እስከ ጫፉ አንብበው። ዩኮድ ከሚለው በኋላ ነጥብ አለ፣ ከዚያ ዜድ ኤስ ቲ ይላል። አዳዲሶቹ የኡቡንቱ ስሪቶች ፈርምዌሩን በዜድስታንዳርድ ጨምቀው ነው የሚያስቀምጡት። የኡቡንቱ ከርነል ይህን መፍታት እንዲችል ተዋቅሯል። ያንተ ከርነል አልተዋቀረም። ስለዚህ ያለዚያ ቅጥያ ያለውን ስም ብቻ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ እውነትም የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ቀናቱን የሚጨርሰው እዚህ ነውና። ሁለቱ ችግሮች የሚሰጡት ስህተት አንድ ነው፤ ያው ማይነስ 2። አንዱን ብቻ ብታስተካክል ያንኑ መስመር መልሰህ ታያለህ። «አሃ፣ ይሄ አልነበረም» ብለህ ትክክለኛውን ማስተካከያ ታፈርሰዋለህ። ከዚያ ሌላውን ትነካለህ፣ እሱም ብቻውን አይሰራም። እንዲህ እየዞሩ ካርድ የገዙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አስተካክል። ስህተቱ ቢቀጥል እንኳ ሰዓቱን ተመልከት። መጀመሪያ 1.9 የነበረው ወደ 5 ወይም 6 ሰከንድ ከሄደና ዲስኩ ከተከፈተ በኋላ ከሆነ፣ የጊዜው ችግር ተፈትቷል፤ የቀረህ ስሙ ነው።

ከቀላሉ ጀምር። ፋይሉን በዜድስታንዳርድ መፍቻ ፍታው። ፕሮግራሙ ከሊነክስ ፍሮም ስክራች መሠረታዊ ፓኬጆች አንዱ ስለሆነ ሲስተምህ ላይ አለ። ከፈታኸው በኋላ መጠኑን እይ፤ ከ2 ሜጋ ባይት በላይ መሆን አለበት። ጥቂት ባይት ብቻ ከሆነ የገለበጥከው ፋይሉን ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ የሚያመለክት ሊንክ ነው፤ እሱ የሚያመለክተው ፋይል አንተ ጋ ላይኖር ይችላል። ሌላ አማራጭ አለ። ከርነሉ ራሱ የተጨመቀ ፈርምዌር እንዲፈታ ማዋቀር ትችላለህ። ለኤክስዜድ (ሌላ መጨመቂያ ነው) ከ5.3፣ ለዜድስታንዳርድ ከ5.19 ከርነል ጀምሮ ይቻላል። ለአንድ ፋይል ብለህ ግን አትድከም።

ቀጥሎ ድራይቨሩ። ሜኑኮንፊግ ክፈት፤ ከዲቫይስ ድራይቨርስ ወደ ኔትወርክ ዲቫይስ ሰፖርት፣ ከዚያ ወደ ዋየርለስ ላን፣ ከዚያ ወደ ኢንቴል ግባ። ዋናውን ድራይቨር ኤም አድርገው። ከሥሩ ካሉት ምርጫዎች አንዱ ዲቪኤም፣ ሌላው ኤምቪኤም ነው። ላንተ ካርድ የሚያስፈልገው ኤምቪኤም ነው፤ እሱንም ኤም አድርገው። ይህን የረሳ ሰው የባሰ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል፦ ፈርምዌሩ ይገኛል፣ ስህተት የሚባል አይታይም፣ የዋይፋይ ኢንተርፌስ ግን አይፈጠርም። ከ7260 ጀምሮ ያሉት አብዛኞቹ የኢንቴል ካርዶች ኤምቪኤም ይፈልጋሉ። ቆየት ያሉት፣ ለምሳሌ 6205 እና 6300፣ ዲቪኤም ነው የሚፈልጉት።

ከርነሉን ገንባ፣ ሞጁሎቹን ጫን፣ አዲሱን የከርነል ፋይል ወደ ቡት ፎልደር ገልብጥ። የመጨረሻዋን የሚረሳ ሰው ብዛቱ! ሞጁሉ አዲስ፣ ከርነሉ አሮጌ ሆኖ ይነሳል፤ ኮከቡም እንዳለ ይቆያል። ከተነሳ በኋላ ዩኔም የሚለውን ትዕዛዝ በንዑስ ሆሄ ቪ አስኪደው፤ ከርነሉ የተገነባበትን ቀንና ሰዓት ያሳይሃል። የዛሬ ካልሆነ የተነሳው አሮጌው ነው።

ሞጁል ከሆነልህ ሌላ ጥቅምም አለው። ፈርምዌር የሚጫነው ድራይቨሩ ካርዱን ሲያገኝ ነው፤ ፋይሉን ዘግይተህ ብታስቀምጥ ከርነሉ በራሱ ተመልሶ አያይም። በኮከብ የተሰራ ድራይቨር ላይ ለእያንዳንዱ ሙከራ ላፕቶፑን ታስነሳለህ። ሞጁል ላይ ግን መጀመሪያ ኤምቪኤምን፣ ቀጥሎ ዋናውን ድራይቨር በሞድፕሮብ ትዕዛዝ አውጣና መልሰህ ዋናውን አስገባ። ኤምቪኤም በራሱ ተከትሎ ይገባል። ከዚያ የዲሜሴጅን መጨረሻ እይ። «ሎድድ ፈርምዌር ቨርዥን 36» የሚልና ኤምቪኤምን የሚጠቅስ መስመር ካየህ አለቀ።

«እኔ ሞጁል አልፈልግም፣ ሁሉም ከርነሉ ውስጥ ይሁን» ካልክ መብትህ ነው። ኤክስትራ ፈርምዌር የሚባል ምርጫ አለ። የፋይሉን ስምና ያለበትን ፎልደር ትሰጠዋለህ፤ ከርነሉ ሲገነባ ፈርምዌሩን ውስጡ ይዞ ይወጣል። ያልተጨመቀ ፋይል ስጠው። ፈርምዌሩ በተቀየረ ቁጥር ከርነሉን እንደገና መገንባት ስላለብህ እኔ አልመክረውም። ኢኒትራምኤፍኤስ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ አስብበት፤ ድራይቨሩ እዚያ ውስጥ ከገባ ፈርምዌሩም እዚያው መግባት አለበት። አለዚያ ሞጁል ሆኖም ያው ማይነስ 2 ነው።

በመንገድህ ላይ ልትንቃቸው የሚገቡ ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ «ዮዮ» የሚል ቃል ያለበት የኢንቴል ፋይል አልተገኘም ይላል፤ እሱም ማይነስ 2 ነው። የስህተት ፍተሻ ለሚሰሩ የድራይቨሩ ባለሙያዎች የሚሆን ፋይል ስለሆነ አንተን አይመለከትህም። ሌላው ሬጉላቶሪ ዲቢ ስለሚባል ፋይል ነው። እሱ ፈርምዌር አይደለም። በየአገሩ የተፈቀዱትን የሬዲዮ ቻናሎች የያዘ ዝርዝር ነው። ከሌለ ከርነሉ ለሁሉም አገር የሚሆን ጥብቅ ደንብ ይከተላል፤ አንዳንድ የ5 ጊጋኸርዝ ቻናሎች ሊከለከሉ ይችላሉ። ያንተ ካርድ የአገር ደንቡን በራሱ ስለሚወስን ብዙም አይጎዳህም። ለሌላ ካርድ ግን ፋይሉን ከነፊርማ ፋይሉ እዚያው ፈርምዌር ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ይበጃል።

የቆየ ምክር ካየህም ተጠንቀቅ። ዩዴቭ (ሃርድዌር ሲገኝ ሥራ የሚሰራ ፕሮግራም) ፈርምዌር እንዲጭን ሕግ ጻፍ የሚል ነገር አሁንም ይዞራል። ከ3.7 ከርነል ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 ጀምሮ፣ ከርነሉ ራሱ ነው ዲስክ ላይ ሄዶ የሚያነበው። ዩዴቭን የያዘው ሲስተምዲም በ2014 የዩዴቭን የፈርምዌር መጫኛ አውጥቶ ጥሎታል። ያንን ምክር ተከትለህ የዩዘር ሄልፐር ፎልባክ የሚለውን ምርጫ ካበራህ ትርፉ መጠበቅ ነው፤ ፋይል ባጣ ቁጥር ማንም የማይመልስለትን ጥያቄ ጠይቆ 60 ሰከንድ ይቆማል። ቡት ሲያደርግ አንድ ደቂቃ የሚፈዝ ሲስተም ካለህ መጀመሪያ ይህን አጥፋ።

ለሌሎች አንባቢዎችም በአጭሩ ልጨምር፤ ችግሩ ይመሳሰላል፣ ካርዱ ይለያያል። የሪልቴክ 8821ሲኢ ፈርምዌር የራሱ ንዑስ ፎልደር አለው። ፋይሉን ነቅለህ ከላይ ብታስቀምጠው አይገኝም። የድሮ ብሮድኮም ካርዶች ቢ43 የሚባለውን ድራይቨር ሲጠቀሙ ፈርምዌሩ ከሊነክስ ፈርምዌር ስብስብ ውስጥ አይመጣም፤ ፈርምዌር ከተር በሚባል መሣሪያ ከአምራቹ ድራይቨር ተቆርጦ ይወጣል። አቴሮስ 9285 ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ፈርምዌር ጭራሽ አይፈልግም። ሊነክስ ፍሮም ስክራችን ገና በመገንባት ላይ ሆናችሁ ፋይሉን ከሆስቱ (ግንባታው ከሚካሄድበት ነባር) ሲስተም የምትገለብጡ ደግሞ የአዲሱን ሲስተም ቦታ የሚይዘው ኤልኤፍኤስ የሚለው ቫሪያብል ባዶ አለመሆኑን እዩ። ባዶ ከሆነ ፋይሉ የሚሄደው ወደ ሆስቱ ፈርምዌር ፎልደር ነው፤ አዲሱ ሲስተም ባዶውን ይቀራል።

ኡቡንቱ የሌላችሁና ከኢንተርኔት የምታወርዱ ሙሉውን ስብስብ አታውርዱ። በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ባይት ነው፤ በሞባይል ዳታ ጥቅሉን ጠራርጎ ይወስደዋል። በከርነል ዶት ኦርግ የጊት ገጽ ላይ አንዱን ፋይል ብቻ መርጦ ማውረድ ይቻላል፤ የ8265 ፋይል ከ3 ሜጋ ባይት በታች ነው። ስትመርጡ ግን ጥሬውን ፋይል የሚሰጠውን ሊንክ ተጫኑ። አለዚያ ድረ ገጹን ራሱን በፈርምዌር ስም ታስቀምጡታላችሁ፤ ያኔ ፋይሉ ይገኛል፣ ድራይቨሩ ግን አይቀበለውም። ስልክ በኬብል አገናኝቶ ኢንተርኔት መጠቀምም ይቻላል። ለአንድሮይድ ስልክ ከርነሉ ላይ የአርኤንዲአይኤስ ሆስት ድራይቨር መብራት አለበት። ከርነሉን ደግማችሁ ስትገነቡ እሱንም አብሩት፤ ዋይፋይ በሌለበት ቀን ያወጣችኋል።

ሁሉን አስተካክለህ ማይነስ 110 ካየህ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ፋይሉ ተገኝቷል፣ ካርዱ ግን በሰዓቱ አልመለሰም። እዚያው ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካለ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን አጥፋና ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ዝጋ። ያ ምርጫ ሲበራ ዊንዶውስ ተዘጋ ቢልም የተዘጋው በግማሽ ነው፤ የዋይፋይ ካርዱ ሊነክስ ሊያስነሳው በማይችል ሁኔታ ላይ ሊቀር ይችላል። ከዚያም በኋላ ካልተነሳ የዲሜሴጁን ውጤት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ላክልኝ፤ ቆርጠህ አትላክ።