መልስ፦ ቤተሰብ ሲገፋ የእግዚአብሔር ዓላማ የት አለ?

እህቴ፣ ከአረብ አገር ባዶ እጅሽን ስትመለሺ ቤተሰብሽ ፊት እንደነሱሽ፣ «እግዚአብሔር ታዲያ እኔን ለምን ፈጠረኝ?» ብለሽ እንደጠየቅሽ አነበብኩ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለ ዮሴፍ ብዙ ሰው ይነግርሻል። እኔ ግን መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11ን አንብቢ እላለሁ። ዮፍታሔን ወንድሞቹ የሌላ ሴት ልጅ ነህ፣ ከአባታችን ቤት አትወርስም ብለው አባረሩት፤ ወደ ጦብ ምድር ሸሸ። በኋላ አሞናውያን ሲነሱባቸው የአገሩ የገለዓድ ሽማግሌዎች ራሳቸው መሪ ሁነን ብለው ሊለምኑት ሄዱ፤ እሱም ዝም ብሎ እሺ አላለም፣ ጠልታችሁ አባራችሁኝ አሁን ሲጨንቃችሁ ለምን መጣችሁ ብሎ ፊት ለፊት ጠየቃቸው። ይሄን ቦታ እወደዋለሁ። መጎዳትሽን መናገር እምነት ማጣት አይደለም። ሁሉ ነገሩ ልክ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ሴት ልጁን ያሳጣው የስእለቱ ታሪክ ልብ ይሰብራል፤ ግን ዕብራውያን 11፥32 ስሙን ከዳዊት ጋር ይጠራዋል።

ደግሞ አደራ፣ እስኪታረቁሽ ብለሽ ሕይወትሽን አታቁሚ። ብቻሽንም አትብሰልሰዪ፤ የንስሐ አባትሽን ወይም በቤተ ክርስቲያን የምታምኛትን እናት አናግሪ። ለመሰደድ ያሰቡ እህቶች ካንቺ የሚሰሙት ብዙ ነገር አለ፤ ስለ ደላላው፣ ስለ ውሉ፣ ስለ ደሞዙ። ከዚያ ጀምሪ።