የወርክሾፑን ቁልፍ ለማን ልስጥ?

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፤

በ1976 ዓ.ም. ከዳንግላ መጥቼ ባሕር ዳር ፖሊ፣ ማለትም ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ ገባሁ። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተ ነው። እኔ ብረታ ብረት የተማርኩባቸው ማሽኖች ላይ የተጻፈው ሁሉ ሩሲያኛ ነበር። በ1978 ስመረቅ «ወርክሾፕ ውስጥ ረዳት ሁን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ይኸው 40 ዓመት ሆነኝ።

አንድ አሮጌ ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ አለን። ሊበላሽ ሲል ድምፁ ይለወጣል፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሻክራል። ያኔ ቶሎ አጠፋዋለሁ፣ ዘይቱን አያለሁ፣ ጥርሱን በጣቴ እዳብሳለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ከማሽኑ ጋር እየኖርኩ ያወቅኩት ነው።

ሐምሌ ላይ 60 ይሞላኛል፤ ጡረታ እወጣለሁ። ለኃላፊዬ «ያለ ደመወዝም ቢሆን በየቀኑ እመጣለሁ» አልኩት። ደስ አለው። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠችና «ልጅህ ስትመረቅ የት ነበርክ?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ልጃችን የተመረቀችው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዚያኑ ዕለት እኛም ጋ ምርቃት ነበር። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ዋልኩ። ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ ላይ እናቷና ወንድሟ አሉ፤ እኔ የለሁም። ልጄ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ቤቴ ብቀመጥ ደግሞ የማውቀው ሁሉ ከእኔ ጋር ሊቀር ነው። ምን ላድርግ?

የወርክሾፑ ሰው፣ ከባሕር ዳር

ጋሼ፤

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ የፔዳ፣ የዚያው የባሕር ዳር የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ልጅ ነኝ። ፔዳና ፖሊ በ1992 ዓ.ም. አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ የድሮዎቹ ግን ዛሬም ስንጠየቅ «ፔዳ»፣ «ፖሊ» ነው የምንለው። ስለዚህ የቦታው ፍቅር ይገባኛል። ዲግሪያችን ላይ ስሙ ያልሰፈረ፣ ግን ያለ እሱ ያልተማርነው ሰው እንዳለም አውቃለሁ። እርስዎ እንደዚያ ያለ ሰው ነዎት።

ቢሆንም «በየቀኑ እመጣለሁ» ያሉትን ይተዉት። እርስዎ አጠገቡ እስካሉ ድረስ የሚተካዎት ልጅ ማሽኑን አያዳምጥም፤ «ጋሼን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። ቁልፉን ሐምሌ እስኪደርስ አያቆዩት፤ ነገ ይስጡት። ጠዋት እሱ ይክፈት። ቶርኖው ሲሻክር እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ይቁሙና «ምን ሰማህ?» ይበሉት። ቢሳሳት ይሳሳት፤ እርስዎ አጠገቡ እያሉ መሳሳቱ ይሻላል።

ደግሞ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ደብተር ይክፈቱለት። መቼ ተበላሸ፣ ምኑ ተቀየረ፣ የጠፋው ዕቃ በምን ተተካ፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉ። ያንን የሩሲያኛ ጽሑፍም በአማርኛ ጽፈው ከጎኑ ይለጥፉለት። ከእርስዎ በኋላ የሚያነበው ላይኖር ይችላል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ቀኑን ግን ባለቤትዎ ይምረጡ። እስከዛሬ ስንት ቀን እንደመረጡላቸው እርስዎ ያውቁታል።

የልጅዎ ነገር ግን ጡረታ አይጠብቅም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከባለቤትዎ ጋር መኪና ይሳፈሩ። በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም አድርገው ደብረ ማርቆስ ይግቡ። ስለ ሥራ ብዛት አያስረዷት፤ ታውቀዋለች። «ያን ቀን መምጣት ነበረብኝ፤ አጥፍቻለሁ» ይበሏት። ቢያለቅሱም ምንም አይደል። ከዚያ ጋዋን ከሰው ተውሳ ትልበስ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አብራችሁ ፎቶ ተነሡ። ሳሎን ከድሮው ፎቶ ጎን ይስቀሉት።