የእርጎ ሾርባዬ ለምን አይብና ውሃ ሆነ?

አንዲት እህታችን ከሻርጃ እንዲህ ብላ ጽፋልናለች፦ «የደቡብ ህንድ ኬረላዎች ቤት የቀመስኩትን ፑሊሼሪ፣ ያንን ጎምጠጥ ያለ የእርጎና የኮኮናት ሾርባ፣ ቤቴ ሞከርኩት። እርጎውን ስጨምረው ተበጣጠሰ። ይወፍር ብዬ የበቆሎ ዱቄት በተንኩበት፣ ጓጎለ። ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ባሰበት። እርጎው ቅባት የሌለው ነው፤ ድስቱም ስስ አልሙኒየም ነው።»

እህቴ፣ ድስትሽን ሳላይ ልገምት። እርጎውን ከፍሪጅ አውጥተሽ የሚፍለቀለቅ ድስት ላይ ገልብጠሽዋል። ቅመሙም ኮኮናቱም ጥፋት የለባቸውም።

አይብ እንዴት እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ይጣዳል፣ ነጩ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ለብቻው ይቀራል። ድስትሽ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። እርጎ ውስጥ ያለው ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን፣ በኮምጣጣነቱ ምክንያት እርስ በርሱ ተያይዞ ውሃውን መሃሉ ይዟል። ትንሽ ሙቀት ይችላል። እሳቱ ሲበረታ ግን ይኮማተርና ውሃውን ጨምቆ ያስወጣዋል። ሎሚው መኮማተሩን አገዘው። ቅባቱ ያልወጣለት እርጎ የተሻለ ይችላል፤ ቅባቱ ፕሮቲኑ መሃል እየገባ እንደ ልቡ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ዱቄት ውስጥ ያለው ስታርችም እንዲሁ ነው። ደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ሞር ኩዛምቡ የሚባለውን የእርጎ ወጥ ሲሠሩ ሩዝና ክክ ዘፍዝፈው ከኮኮናቱ ጋር የሚፈጩት፣ ሰሜን ህንድ ደግሞ ካዲ ለሚባለው የእርጎ ወጥ የሽምብራ ዱቄት ከእርጎው ጋር የሚመቱት ለዚሁ ነው። ዱቄቱ ግን ቀድሞ ነው የሚገባው። እርጎው ከተበጣጠሰ በኋላ ደረቅ ዱቄት መበተን ጉጉል ከማብዛት በቀር ምንም አይፈይድም።

እርጎ ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ። ጄላቲን የታጨቀበት ርካሽ እርጎ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ እሳት ሲነካው ደግሞ ውሃ ይሆናል። በጣም ያናድደኛል። ያንን ስስ ድስትም ተይው። ቂጡ ቶሎ ይግላል፣ ኮምጣጣ ሲገባበትም ሾርባው ብረት ብረት ይላል። ወፍራም የማይዝግ ድስት ወይም ሸክላ ይሻላል።

አሁን እንደገና ሥሪው። የበሰለ ማንጎ ወይም ዱባ ቆራርጠሽ በትንሽ ውሃ፣ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና በጨው ቀቅይ። 1 ኩባያ የተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 2 ቃሪያና 1 የሻይ ማንኪያ የተዘፈዘፈ ሩዝ አንድ ላይ በደንብ ፍጪና ጨምሪበት። ሩዙ ጥሬ ጥሬ እንዳይል ጥቂት ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ ድስቱን አውርጂውና 5 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ከፍሪጅ ቀደም ብሎ የወጣ 2 ኩባያ እርጎ እስኪለሰልስ ምቺ። ከሾርባው አንድ ጭልፋ ወደ እርጎው ጨምረሽ አዋህጂ፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሺ። እሳቱን ዝቅ አድርገሽ ሳታቋርጪ አማስይ። ዳር ዳሩን ደቃቅ አረፋ ሲሰበሰብና እንፋሎት ሲነሳ አጥፊው። መፍላት የለበትም። ጉምጥጥናው ካነሰሽ በሚቀጥለው ጊዜ እርጎውን አንድ ቀን ውጭ አሳድረሽ አኮምጥጪው እንጂ ሎሚ አትጨምሪ።

ቁሌቱ ላይ ግን አደራ። የካሪ ቅጠሉን ካጠብሽ በኋላ በጨርቅ አድርቂው። ውሃ የያዘ ቅጠል የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ዘይቱ ፊትሽ ላይ ይፈናጠራል። 2 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት አግይ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ፍሬ ጨምረሽ ክዳን ክደኚ። መንጣጣቱ ሲያበቃ እሳቱን አጥፊ፤ ቁንጥር አብሽ፣ 2 ደረቅ በርበሬ፣ በመጨረሻ ቅጠሉን ጨምሪና ሾርባው ላይ አፍሺው። አብሹ ካረረ ሾርባው ይመራል። ይህን ሁሉ ስታደርጊ ልጆች አጠገብሽ አይሁኑ። ዘይቱ እሳት ከያዘ ክዳን ክደኚበት እንጂ ውሃ በፍጹም እንዳታፈሺበት።

የተበጣጠሰውን አትድፊው። ሲቀዝቅዝ ጉጉሉን አጥልለሽ ፍጪው፣ ለዘብ አድርገሽ አሙቂና በሩዝ ብዪው። ልስላሴው እንደ መጀመሪያው አይሆንም፣ ጣዕሙ ግን አለ። ነገ የተረፈውን ስታሞቂም ያው ነው፤ አይፈላም። አዲስ ቁሌት ካደረግሽበት ደግሞ ቅጠሉ ደረቅ ይሁን።