ሰው ፊታችን ሲወድቅ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ድንገተኛ ሕመም ናቸው። የምመልሰው አምቡላንስ እስኪደርስ ስላሉት ደቂቃዎች ነው። እነዚያ ደቂቃዎች በአጠገቡ ባለው ሰው እጅ ናቸውና።

«ባልደረባችን ስብሰባ ላይ እያለ በድንገት ወደቀ። አልፎ አልፎ በአፉ አየር ስለሚስብ ‹ይተነፍሳል› ብለን አምቡላንስ ጠበቅን። ልክ ነበርን?»

ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ይህ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ግን ትንፋሽ አልነበረም። ልብ በድንገት ስትቆም ሰውነት ለጥቂት ደቂቃ ከውኃ እንደወጣ ዓሣ አፉን ከፈት እያደረገ ያጣጥራል። አንዳንዴ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ይሰማል። ያኔ ነው ደረቱን መጫን መጀመር ያለብን።

መጀመሪያ ቦታው ለእናንተም አደጋ እንደሌለው እዩ። ከዚያ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። መልስ ከሌለ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ ተመልከቱ። ለዚህ ከ10 ሰከንድ በላይ አትውሰዱ። በደንብ ካልተነፈሰ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ ሌላው ይጀምር።

ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርባችሁ ደረቱ መሀል አሳርፉ። ክንዳችሁን ሳታጥፉ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ድረስ ወደ ታች ተጫኑ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ማለት ነው፤ ፈጣን ነው። በየመሀሉ ደረቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ ልቀቁት። ያደክማል፣ ስለዚህ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። የጎድን አጥንት ሲሰበር ከተሰማችሁም አታቁሙ። አፍ ለአፍ መተንፈስ የሠለጠነ ሰው ካለ በየ30 ግፊቱ 2 ትንፋሽ ይስጥ። ከሌለ መጫን ብቻውን ምንም ካለማድረግ እጅግ ይሻላል። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ መሣሪያ አካባቢው ካለ አስመጡና ክፈቱት፤ ምን እንደምታደርጉ ራሱ በድምፅ ይነግራችኋል።

«ልቡ ሳይቆም ተጭኜ ብጎዳውስ?» የሚል ፍርሃት ብዙ ሰው ያስራል። የዚያ ጉዳት ትንሽ ነው። ቆማ የቀረች ልብን ዝም ብሎ ማየት ግን ይገድላል።

«የ8 ወር ልጄን ምግብ ትን ብሏት ድምፅዋ ጠፋ። ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትቼ ለማውጣት ሞከርኩ። እንደ ዕድል ሆኖ ወጣላት። ሌላ ጊዜ ቢያጋጥመኝስ?»

እንኳን ተረፈችልዎ! ጣት ግን አይክተቱ። ምግቡ በዓይን ካልታየ ጣት ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

በኃይል እያሳለች ወይም እያለቀሰች ከሆነ አየር እየገባ ነውና ሳሉ ይሥራ፤ ዓይንዎን ብቻ አይንቀሉ። ድምፅ ከሌላት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ በክንድዎ ላይ በሆዷ ያስተኟት። ጭንቅላቷ ከሰውነቷ ዝቅ ይበል፣ አገጯን በእጅዎ ይደግፉ፣ ጉሮሮዋን ግን አይጫኑ። በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል ጀርባዋን በመዳፍዎ 5 ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱ። ካልወጣ ገልብጠው ደረቷ መሀል፣ ከጡቶቿ መስመር ትንሽ ዝቅ ብለው፣ በሁለት ጣት 5 ጊዜ ይጫኑ። እስኪወጣ ወይም ርዳታ እስኪደርስ ይህንኑ ያፈራርቁ፤ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ራሷን ከሳተች የልብና የትንፋሽ ማስነሻው፣ ማለትም ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት፣ ለሕፃን በሚስማማ ልክ ይጀመር።

ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሆዱ ፈጽሞ አይጫንም። ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ግን ከ5ቱ የጀርባ ምት በኋላ ከኋላ ታቅፎ፣ ከእምብርቱ በላይ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መሳብ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች በሆዷ ፈንታ ደረቷ ነው የሚጫነው።

«እኅቴ የሚጥል በሽታ አለባት። ሲነሣባት ምላሷን እንዳትውጥ ማንኪያ ጥርሷ መሀል እናስገባለን። እጅና እግሯንም እንይዛለን።»

እባካችሁ ማንኪያውን ተዉት። ምላስ አይዋጥም። ጥርስ ግን ይሰበራል፣ ስባሪው ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። መያዝም መንቀጥቀጡን አያስቆመውም፤ ትከሻ ሊያወልቅ ይችላል።

የምታደርጉት ቀላል ነው። ሰዓት እዩ። ጠንካራ ነገር ከአጠገቧ አርቁ፣ ከጭንቅላቷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አንገቷ ላይ የጠበቀውን ፍቱ። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኗ አስተኟት። ሙሉ በሙሉ ሳትነቃ ውኃ እንኳ አትስጡ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳትነቃ ከደገማት ወይም ከተጎዳች አምቡላንስ ጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ሰዓት ሽንት ሊያመልጣት ይችላል። ልብስ ጣል አድርጉባት፣ የተሰበሰበውን ሰው በትኑ። ስትነቃ ግራ ይገባታልና በስሟ እየጠራችሁ ዝግ ብላችሁ የት እንዳለች ንገሯት።

«አባቴ ስኳር አለበት። ማታ ላብ አጠመቀው፣ ተንቀጠቀጠ፣ የማይገናኝ ነገር ማውራት ጀመረ። ስኳሩ እንዳይብስበት ፈርቼ ጣፋጭ አልሰጠሁትም። 19 ዓመቴ ነው።»

እኅቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን የነገርሽኝ ምልክት በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲወርድ የሚታየው ነው፤ እሱ ደግሞ በፍጥነት ይጎዳል። እየዋጠ ከሆነ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ስጪው። ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂም ይሆናል፤ ስኳር አልባ የሚባሉት መጠጦች ግን አይጠቅሙም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሚለት፣ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢሆን እንኳ ይቺ መጠን ብዙ አትለውጥም። ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካቃተው ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጊ። በጎኑ አስተኝተሽ አምቡላንስ ጥሪ። ኢንሱሊን ስኳሩን ይበልጥ ያወርደዋልና በፍጹም እንዳትወጊው።

«አያታችን አፋቸው ወደ አንድ ጎን ጠመም አለ፣ ንግግራቸውም ተያዘ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ለቀቃቸው። ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል?»

አዎ፣ አሁኑኑ! ይህ የትልቁ ስትሮክ፣ ማለትም አንጎል ውስጥ ደም ሲረጋ ወይም ሲፈስ የሚመጣው ሕመም፣ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ሌላ ጊዜ ፊታቸው ከተዛባ፣ አንድ ክንዳቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተንተባተበ እስኪለቃቸው አትጠብቁ። የጀመረበትን ሰዓት ጻፉት። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። አስፒሪን አትስጡ። ደም ረግቶ ይሁን ፈስሶ አንጎልን በሚያሳየው የሲቲ ስካን ምርመራ ሳይታይ አይታወቅም።

«ለቃጠሎ የጥርስ ሳሙና ይጠቅማል?»

አይጠቅምም። ቅቤም፣ እንቁላልም፣ በረዶም እንደዚያው። ቀዝቀዝ ባለ የቧንቧ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ ይህ ብዙ ሰው ከሚታገሠው በላይ ረጅም ነው። ሳያብጥ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አይላጡ። ውኃ የቋጠረውን አያፍርጡ። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተቃጠለ፣ ወይም ከተጎጂው መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ ሐኪም ይየው።

«ነስር ሲነስር ቀና ማለት ነው ወይስ ማጎንበስ?»

ማጎንበስ። ቀና ካሉ ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። የአፍንጫዎን ለስላሳ ክፍል ቆንጥጠው ይያዙና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ በአፍ ይተንፍሱ። በየመሀሉ ለቀቅ እያደረጉ ማየት እንደገና ያስጀምረዋል። ከግማሽ ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ።