ደፉን ከፍ አደረግን፤ ውሃው በመታጠቢያ ቤት ገባ

ጥያቄ፦ «ቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ ከዳገት ሥር ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከግቢያችን ከፍ አለ። ጎርፍ ሳሎን ድረስ ስለገባብን የቤቱን በር ደፍ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አስደረግን። ባለፈው ሐምሌ ግን ውሃው በመታጠቢያ ቤቱ የወለል ማፍሰሻ ሽቅብ ወጥቶ ቤቱን ሞላው፤ ያ ደፍ ደግሞ መውጫ ከለከለው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ የግንበኛው እጅ አይታማም። ጥፋቱ ውሃው በየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲሚንቶ መቦካቱ ነው። እኔም በጀማሪነቴ እንዲህ ያለ ገንዳ ሠርቼ «ቤት» ብዬ አስረክቤ አውቃለሁ። እናንተን ውሃ የሚያጠቃችሁ በሁለት በኩል ነው፤ በመንገዱና በፍሳሽ ቱቦው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ከቱቦው ልጀምር፤ የሚረሳው እሱ ነውና። የወለል ማፍሰሻ የቤቱ ዝቅተኛ አፍ ነው። ከደጅ ያለው ማንሆል ሲሞላ ውሃው ልኩን ፈልጎ በዚያ ይወጣል። መፍትሔው ቼክ ቫልቭ ነው፤ ፍሳሹን ወደ ውጭ አሳልፎ ሲመለስ ምላሱ ይዘጋል። ከቤት ውጭ፣ ክዳኑ በሚከፈት ጉድጓድ ውስጥ፣ በላዩ ያለው ቀስት ወደ መንገድ እንዲያመለክት ሆኖ ይገጠማል። ወለል ሥር መቅበር ገንዘብ መቅበር ነው፤ ፀጉርና ጨርቅ ምላሱን ከያዘው ስለማይዘጋ በየዓመቱ ግንቦት ላይ መጽዳት አለበት።

ቫልቩን ከመግዛታችሁ በፊት ግን አሸንዳው ውሃውን የት እንደሚጥል እዩ። በብዙ ግቢ የጣራው ውሃ ከሽንት ቤቱ ፍሳሽ ጋር በአንድ ቱቦ ይገናኛል። 80 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,400 ሊትር፣ ማለትም 12 በርሜል ውሃ ነው። ቫልቩ በተዘጋበት ሰዓት ይህ ሁሉ መሄጃ አጥቶ ወደ መታጠቢያ ቤት ይመለሳል፤ የገዛ ጣራችሁ ቤታችሁን ያጥለቀልቃል ማለት ነው። ስለዚህ አሸንዳውን ለይታችሁ በራሱ ቦይ ልቀቁት። ዶፉ እስኪያባራም ልብስ አትጠቡ፣ ሽንት ቤት ውሃ አትልቀቁ።

ቫልቩ እስኪገጠም ድረስ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ቱቦ በጎማ አጥብቃችሁ ማፍሰሻው ላይ አቁሙ። ውሃው ወለሉ ላይ ከመፍሰስ ቱቦው ውስጥ ይቆማል። ከ40 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ግን በሽንት ቤቱ መቀመጫ በኩል ይወጣል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

የመንገዱን ውሃ ቤት በር ላይ ሳይሆን ግቢ በር ላይ ነው መያዝ። ከመንገዱ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ መኪና በቀላሉ የሚያልፈው የኮንክሪት ጉብታ አሠሩ፤ ከኋላው በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ቦይ ይኑር። ቦዩ በግቢው ዝቅተኛ ጎን በኩል ወደ መንገድ ማፋሰሻ ይውጣ እንጂ ጎረቤት ላይ አይለቀቅ፤ ከጎርፉ ጠቡ ይብሳል። ከግድግዳው ዙሪያ ያለው መሬት በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል። ውስጡ የሚታይ ነጭ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ፤ በሁለቱ ጫፍ ውሃው እኩል ልክ ላይ ስለሚቆም የመሬቱ ልዩነት ከዚያ ይታያል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ከመሠረቱ አጠገብ እንዳታስቆፍሩ፤ መረሬ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞ ይሄዳል።

የአጥሩን ሥር ቀዳዳዎች «ውሃ ያስገባሉ» ብላችሁ አትድፈኑ። 1 ሜትር ከፍታ ያለው የቆመ ውሃ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 500 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት አለው፤ የብሎኬት አጥር ይህን እንዲችል ተብሎ አይሠራም። አሸዋ በማዳበሪያ ከረጢት የምትደረድሩ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ያህሉን ብቻ ሙሉት። ጢም ያለ ከረጢት እርስ በርሱ አይተኛም፤ በመካከሉ ውሃ ይሾልካል። ውሃ ቤት መግባት ሲጀምር፣ እግራችሁ ደረቅ ሳለ፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ።

ደፉን አታፍርሱት። ከሥሩ፣ በወለሉ ልክ፣ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ አሳልፉበትና ከውስጥ በኩል የሚጠብቅ ክዳን ይኑረው። ደጁ ላይ ያለው ውሃ ከቤት ውስጡ እስኪያንስ ድረስ ክዳኑን አትክፈቱ።