የኔን ኩሊ አንተ አታስወድቀው

እህቴ፣ «በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ሮልፕሌይ ምንድን ነው? በአማርኛስ ይሆናል? ወይስ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከመጨረሻው ልጀምር። እኔ ሥራ አልፈታሁም። ቸርችል ጎዳና ላይ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ስደምር የምውል የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ግን ለገሃር ላይ ሻንጣ የጠፋበት ነጋዴ እሆናለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ነገሩ ዕቃቃ ነው በይው። «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ ባለሱቅ ልሁን» እያልን ያደግንበት ዕቃቃ፣ ጭቃው ቀርቶ በቃል ብቻ። አንዱ የራሱን ሰው ይዞ አንድ አንቀጽ ይጽፋል፤ ሌላው በራሱ ሰው ይመልሳል። ፈረንጆቹ ቆይተውበታል። በ1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል የሚባሉ ተማሪዎች፣ ብዙ ሰው አብሮ የሚገባበት፣ ሥዕል የሌለው የኮምፒውተር ጨዋታ ጀምረው ነበር። እኛ ቴሌግራም ይበቃናል። ጽሑፍ ስለሆነ ዳታም አይበላም፤ ኔትወርክ ሲያነክስም ይሠራል።

እኔን ያስገባኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አምስት ነን። ዘመኑ ባቡር አዲስ አበባ የገባበት 1909 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ጽሑፌን አልረሳውም። ነጋዴዬ ከባቡር ወርዶ፣ የትልቁ ጣቢያ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ቆሞ ኩሊ ጠራ። ኩሊው ሻንጣውን ጣለበት። ነጋዴዬ በጥፊ አጮለው፤ ኩሊው ተዘረረ። ኮራሁ።

ሁለት መልስ መጣ። አንዷ «ያ ሕንፃ እኮ ባቡሩ ከገባ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራ ነው» አለች። ኩሊውን የሚጫወተው ደግሞ በሁለት ቅንፍ ውስጥ (ከጨዋታው ወጥተን ስናወራ እንደዚያ ነው) «የኔን ኩሊ አንተ አታስወድቀው። እጅህን ሰንዝር፤ መውደቁን እኔ ልወስን» ብሎ ጻፈ። አፈርኩ። አስተካከልኩ፤ እጄን ሰነዘርኩና ቆምኩ። ኩሊው ጎንበስ ብሎ አሳለፈው። ቀና ስንል ሻንጣው የለም! እኔ ብቻዬን ብጽፈው መቼም አይጠፋም ነበር።

በአማርኛ ይሆናል ወይ? እንዲያውም ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ያ ኩሊ ለወራት «ጌታዬ፣ እርስዎ» ሲለኝ ቆየ። ሻንጣው የት እንዳለ ያወቀ ዕለት «አንተ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ በአንዲት ቃል ጌትነቴን ገፈፈኝ። ያነበብኩት ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ሳይታወቀኝ «ወይ ድፍረት!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ ደንግጦ «መልስህን ልሰጥህ እኮ ነው፣ ምን ያናድድሃል?» አለኝ።

ለመጀመር ሁለት ሰውና አንድ የምታውቁት ሰፈር ይበቃል። አጭር ጻፊ፤ ለሌላው ቦታ ተዪለት። እውነተኛ ስምሽንና ስልክሽን ለማታውቂው አትስጪ። በጨዋታ ሰበብ ወደማትፈልጊው ወሬ የሚጎትትሽ ካለ፣ ሳትሰናበቺ ውጪ።

አብሮሽ የሚጫወት ካላገኘሽ ደግሞ እኛ ጋ የጠጅ ቤት እመቤት የምትሆን ሰው ጎድላናለች። ሻንጣዬ እሷ ቤት ሳይሆን አይቀርም።